ለአራሷ የገዛሁት ቦይለር

ኅዳር 3

ቦይለሩ ገባ። ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ታስሮ መጣ። መኪናው በነጠረ ቁጥር መስኮቱን ከፍቼ አንገቴን ወደ ላይ አወጣለሁ፤ ተሳፋሪው ደግሞ «ኧረ ዝጉት፣ ንፋስ ገባ» ይለኛል። እውነታቸውን ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ቀድሜ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። ረዳቱ «እትዬ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የጫኑት?» አለኝ። «ከሙሽራ ይበልጣል፤ አንተ ገመዱን ጠበቅ አድርግ» አልኩት።

ዕድሜዬን ሙሉ በወረዳው ቢሮ የሰው ደብዳቤ ስተይብ ኖሬ ለራሴ አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። ጡረታ ስወጣ ይህን ደብተር ገዛሁ፤ እስከ ዛሬ የሚጻፍበት ነገር አልነበረም። አሁን ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ጽናት ነፍሰ ጡር ናት፣ የመጀመሪያዋ። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። የባሏ እናት ወይዘሮ ወሰንየለሽ ግን ደውለው «ወይዘሮ ሸዋረግ፣ አይክፋዎትና፣ እዚያ ውርጭ ላይ አራስ በምን ይታጠባል? መብራቱ ከሄደ አይመለስ። እዚሁ ደብረ ብርሃን ትረፍ» አሉኝ። ደብረ ብርሃን ቆላ የሆነችው መቼ ነው? ብዬ አልመለስኩም፤ ስልኩን በትሕትና ዘጋሁት። ከዚያ ሄጄ መብራት የማያስፈልገው፣ በጋዝ ሲሊንደር የሚሠራ ቦይለር ገዛሁ። ሻጩ «ጭስ የለው፣ ጥላሸት የለው» ብሎ ማለልኝ።

ባሌ ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት የሚያለቅስም የሚስቅም የለም። ልጄ እዚህ ትወልዳለች።

ኅዳር 6

ቧንቧ ሠራተኛው እሱባለው መጣ። ሕፃን ሳለ አዝዬዋለሁ፤ ዛሬ ሊያዘኝ መጣ።

ቦታውን አስቀድሜ መርጬ ግድግዳው ላይ በከሰል ምልክት አድርጌበት ነበር። መታጠቢያ ክፍሌ ከመኝታ ቤቱ ጋር የተያያዘች፣ ጠባብ፣ መስኮት የሌላት ክፍል ናት። ቦይለሩ እዚያ ውስጥ ይሰቀላል። አራሷ ከአልጋዋ ወርዳ አንድ በር ከፍታ ትገባለች፤ ንፋስ የሚባል አያገኛትም።

እሱባለው ምልክቴን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«እዚህ አልሰቅልም።»

«ለምን?»

«እትዬ ሸዋረግ፣ ይሄ እሳት ነው። ሲነድ የክፍሉን አየር ይበላል። የሚተፋው ነገር ደግሞ አይታይ፣ አይሸት። ውጭ ግድግዳው ላይ ልስቀለውና ሙቁን ውሃ በቧንቧ ላስገባልዎት።»

«ውጭማ ውርጩ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል፤ የተረፈውን ሌባ ይወስደዋል።»

«ለሁለቱም መላ አለው።»

«እናቶቻችን ጎጆ ውስጥ እሳት አንድደው አይደል ያሳደጉን? ማን ሞተ?»

«የጎጆው ሣር ይተነፍሳል። ይሄ ክፍል እስከ ላይ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው።»

ለሁሉም መልስ አለው። መልስ የሚያበዛ ሰው አልወድም፤ እኔ ራሴ ስለማበዛ ለሁለት አይሆንም። «እንግዲያው መሣሪያህን ያዝና ሂድ» አልኩት። ሰበሰበና ሄደ። በር ላይ ዞሮ «ካልሆነ እንኳ መተንፈሻ ሳይወጣለት እንዳያበሩት» አለኝ።

ይሂድ። ቧንቧ ሠሪ በከተማው እሱ ብቻ አይደለም።

ኅዳር 8

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ደወሉ። «የቦይለሩ ነገር እንዴት ሆነ?» አሉ፣ ወሬው እዚያ ድረስ በማን እንደደረሰ እንጃ። «ተሰቅሏል» አልኳቸው።

አልተሰቀለም። ግን ይሰቀላል።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ኅዳር ሲታጠን ነው፤ በየደጁ ቆሻሻ እየተቃጠለ ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል። ከቅዳሴ ስንመለስ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። ወደ ዘመሮ መውጫ ያሉ ባልና ሚስት ለብርዱ ብለው ከሰል አስገብተው በር ዘግተው ተኙ አሉ። «ተረፉ?» አለች አንደኛዋ። «ሚስትየዋ ብቻ።»

ዘወር ብዬ አላየኋቸውም። ከሰል ሌላ፣ ጋዝ ሌላ። ከሰል ይጨሳል።

ኅዳር 14

ሌላ ሠራተኛ አገኘሁ። ከገበያው በኩል ነው፣ ጥያቄ አያበዛም። ምልክቴ ላይ ሰቀለልኝ። ካርቶኑ ውስጥ አንድ ቱቦ ነበር፤ «ይሄ በጣሪያ በኩል ይወጣል» ሲለኝ ጣሪያዬን ለክረምት ዝናብ አላስበሳም አልኩት፤ ትከሻውን ነቅንቆ ቱቦውን ካርቶኑ ውስጥ መለሰው። ከላይ ጥግ ላይ ግን ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አበጀና «ይቺ እንኳ ትኑርልዎት» አለኝ። ፈቀድኩለት። እሱባለውም ያለው ይኸንኑ አይደል? መተንፈሻ ወጣ፣ ነገር አለቀ።

ኅዳር 17

ታጠብኩ።

በመንዝ ብርድ፣ መብራት በሌለበት ቀን፣ በቤቴ፣ ቧንቧ ከፍቼ በሙቅ ውሃ ታጠብኩ። እናቴ ይህን ብታይ ምን ትል ነበር? ነበልባሉ ሰማያዊ ነው፤ በቦይለሩ ፊት ባለችው ትንሽ መስተዋት ሲታይ ደስ ይላል።

ጸጉሬ ሳይደርቅ ለወይዘሮ ወሰንየለሽ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ከመኝታ ቤቱ ጋር የተያያዘ ነው፣ ንፋስ አይገባ፣ አራሷ ደጅ አትረግጥ። «እኛም አንድ ልንገዛ እያሰብን ነው» አሉ ቀዝቀዝ ብለው። ቅዝቃዜያቸው ከውሃው ሙቀት እኩል ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ኅዳር 22

ንፋሱ ከትናንት ጀምሮ አላረፈም። በዚያች ቀዳዳ እየገባ ያፏጫል። ልብሴን አውልቄ ስቆም ትከሻዬን መታኝ። ጤነኛዋን እንዲህ ያደረገ አራስ ቢያገኝማ? የአባቴን አሮጌ ባና ቀደድኩና ጠቅልዬ ቀዳዳዋን ደፈንኩ። የመንዝ በግ ጸጉር ነው፤ ንፋስ በዚያ አያልፍም።

ጽናት ስትመጣ አወልቀው ይሆናል። እንደ አየሩ።

ኅዳር 28

ራሴን አመመኝ። ታጥቤ በወጣሁ ቁጥር ነው ልበል? ጾሙ ነው። ነቢያት ከገባ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፤ በዚህ ዕድሜ ራስ ቢያዞር ምን ይገርማል።

ነበልባሉ ቢጫ ቢጫ ይላል። ከቦይለሩ በላይ ያለው ግድግዳ ጠቁሯል፤ በጨርቅ ወለወልኩት። ያ ሻጭ ጥላሸት የለውም ብሎ ነበር።

ታኅሣሥ 1

ጎረቤቴ ዘነበች ለልደታ ልትሄድ ስለሆነ ታጥቤ ልውጣ አለችኝ፤ ግቢ አልኳት፣ ደስ ብሎኝ። ስትወጣ ፊቷ ቀልቶ፣ ጉልበቷ ተልፈስፍሶ በሩን ተደገፈች። «ሸዋዬ፣ ምች መታኝ» አለች። ዳማከሴ ጨምቄ በአፍንጫዋም በግንባሯም አደረግኩላት። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትንሽ ቆይታ ተሻላት።

ዳማከሴው ነው ያሻላት። ደጃፍ መቀመጧ አይደለም።

ታኅሣሥ 5

ልጄ መጣች። ሆዷ ቀድሟት ገባ። ባሏ ምንተስኖት አድርሷት አድሮ ተመለሰ፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ በእናቱ አይፈረድበትም።

ቦይለሩን አሳየኋት። ቀና ብላ ግድግዳውን አየች፣ ባናውን አየች።

«እማዬ፣ ጭሱ በየት ይወጣል?»

«ጭስ የለውም።»

«ይሄ ጥላሸት ታዲያ ምንድን ነው?»

የእኔ ልጅ ናት፤ መልስ ታበዛለች።

ታኅሣሥ 8

አትታጠብበትም። ሰፌድ በሚያህል ሳፋ ውሃ አሙቂልኝ ትላለች፣ ቦይለር በተሰቀለበት ቤት። እኔ ደግሞ አላሞቅም አልኩ። ቀኑን ሙሉ ተኳርፈን ዋልን። ምሳ ሰዓት ላይ «አማቴ ቤት ብሄድ ይሻል ነበር» ስትል ሰማኋት፤ ለራሷ ነው ያለችው፣ ግን ሰማኋት።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ለማን እንደተባለ አላውቅም። ለእሷ ይሁን።

ታኅሣሥ 9

ይህን ሁሉ ያደረግኩት ለማን ነው? ለእኔ ነው? እኔ በቀዝቃዛ ውሃ ስኖር ኖሬያለሁ።

ነገ ባናውን አወልቀዋለሁ። ንፋሱ ጋብ ካለ።

ታኅሣሥ 11

ሆስፒታል። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ጠዋት ላይ «እሺ እማዬ፣ እንዳይከፋሽ» አለችና ገባች። ውሃው ይሰማኛል። ቆየች። ጠራኋት። ውሃው ብቻ ይሰማኛል። በሩን ገፋሁት፣ ሰውነቷ ከኋላው። በጎን ገብቼ ጎተትኳት። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ጉልበት። ሳሎን፣ ከዚያ ደጅ፣ ውርጩ ላይ፣ እርጥብ ገላዋን በጋቢዬ ጠቅልዬ። ዓይኗን ገለጠች። ዘነበች ባጃጅ ጠራች።

የልብ ምቱን አዳመጡት። የልጁ ልብ ይመታል። ይመታል ብለውኛል።

ሐኪሟ «ቤት ውስጥ ከሰል ነበር?» አለችኝ።

«ከሰል አልነበረም» አልኳት። አልዋሸሁም። «ወለሉ አንሸራቷት ነው።»

ታኅሣሥ 11፣ ማታ

ያቺን መልስ ከሰጠሁ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሴቶች ያልፋሉ፣ አንዷ «እናቷ ናት» አለችና አዘነችልኝ። ባታዝንልኝ ይሻል ነበር።

አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይነቃም። ራሴን ታምሜ አውቄ ነበር። ዘነበች ስትንገዳገድ አውቄ ነበር። ነበልባሉ ቢጫ ሲሆን አውቄ ነበር። ባናውን ልፈታ ነገ ነገ ስል የኖርኩት ያላወቀ ሰው ነኝ? እውነቱን ካላወጣሁ ልጄን የሚያክማት ሰው በምን ያውቃል?

ተነሳሁና ሐኪሟን ፈለግኳት። ዕድሜዋ ከጽናት አይበልጥም። ቦይለሩን፣ ቀዳዳውን፣ ባናውን ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፤ ጥላኝ ሮጠች። ወዲያው ኦክስጅን አደረጉላት። ቆይታ ተመለሰችና «ይህ ጋዝ ከእናትየው ይልቅ ለፅንሱ ይከብዳል። ቶሎ ቢነግሩን ጥሩ ነበር፤ አሁንም ግን ነግረውናል» አለችኝ። «ሌላ ሰው እንዳይሰማ» አልኳት። ካርዱ ላይ ጽፋ ወደ ጽናት ተመለሰች።

ታኅሣሥ 14

ተመለስን። ጽናት እስክትወልድ ድረስ በየጊዜው እየሄደች ሐኪሟ የልጁን ልብ ታዳምጥላታለች፤ ምንም እንዳልሆነ በርግጥ የሚታወቀው ግን ሲወለድ ነው አለች። ከዚህ የሚከብድ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ለሚጠይቀን ሁሉ «አንሸራቷት» እንላለን። ለምንተስኖትም በስልክ እንዲሁ አልን። ጽናት እንደዚያ ስትል ዓይኗ እኔ ላይ አያርፍም፤ ለእኔ ብላ ነው የምትዋሸው። ይህ ከስድብ ይብሳል።

ሲሊንደሩን ዘግቼዋለሁ። ባናውን ከቀዳዳው አውጥቼ ውሻው ቤት ጣልኩት።

ታኅሣሥ 16

እሱባለው ቤት ሄድኩ። ልለምነው አይደለም የሄድኩት፤ ይህን መጀመሪያ ነገርኩት።

«ታዲያ ለምን መጡ?» አለ።

«ቦይለሩን አውርደህ የት እንደሚሰቀል እንድታሳየኝ።»

«ያኔም አሳይቼዎት ነበር።»

«ያኔ አላየሁም። አሁን አየሁ።»

መጥበሻ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ይሄን ተናግሬ እስክጨርስ ተቁነጠነጥኩ። እሱ ግን አልሳቀብኝም። «ጽናት ደህና ናት?» ብቻ ነው ያለው። አወቀ ማለት ነው። ወጥቼ ስሄድ አለቀስኩ፤ ከንዴት ነው።

ታኅሣሥ 18

ዛሬ ቤቴን እኔና እሱባለው ዞርነው። ቦታ መምረጥ እንዲህ አድካሚ መሆኑን አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ያሳየሁት በመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ነው፤ ቧንቧው ያጥራል ብዬ። «መስኮቱ ሲከፈት የወጣው ተመልሶ ይገባል» አለ። ቀጥሎ የምሥራቁን ጥግ አሳየሁት። እጁን አውጥቶ ንፋሱን ለካና «ይሄ ንፋስ ነበልባሉን ያጠፋዋል፤ ደግሞ ጭዱ እዚህ ተከምሯል» አለ። ለሲሊንደሩ የድሮው ጉድጓድ አፍ ላይ ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ አሰብኩ። «ይሄ ጋዝ ከባድ ነው፤ ካፈተለከ ወደ ጉድጓድ ወርዶ ይተኛል። ከፍ ያለ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም» አለኝ። እያንዳንዱን ቦታዬን ጣለብኝ። በመጨረሻ ከኩሽናው ጀርባ፣ ምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ ላይ ቆምን፤ የቤቱ ጥላ ንፋሱን ይከላከላል፣ የጣሪያው ክፈፍ ዝናቡን፣ መስኮት በአጠገቡ የለም፣ ፊቱ ክፍት ነው።

«ለሌባውስ?» አልኩ። «በቆርቆሮ ሣጥን ላድርግበት።»

«በቆርቆሮ ከዘጉትማ መታጠቢያ ቤቱን ደጅ አወጡት ማለት ነው። የብረት ፍርግርግ ያሠሩለት፤ ሌባ አያልፍም፣ አየር ያልፋል።»

ፍርግርጉን ማን እንደሚሠራ ጠየቅኩት። ደስም አለኝ መሰለኝ።

ታኅሣሥ 21

ተሰቀለ። ካርቶኑ ውስጥ የቀረው ቱቦ ተገጠመለት፣ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ወጣ። ለውርጩ ቧንቧውን ከውሻው ቤት ባወጣሁት ባና ጠቀለልነው፤ ሐሳቡን ያመጣው ራሱ እሱባለው ነው፣ «ባናው ሥራው እዚህ ነው» አለ። የመታጠቢያ ክፍሉን ቀዳዳ ግን አላስደፈንኩም። እንደተከፈተ ይኑር፤ እንፋሎቱ ይውጣበት። ቧንቧ ከፈትኩ፤ ውሃው ሙቅ፣ ራሴ ጤነኛ።

ጽናት መጥታ አየች። «በርቺ እማዬ» አለችና ትከሻዬን ነካችኝ። ትንሽ ሥራ ብቻ እንደሠራሁ አድርጋ ነው ያለችው። በቂ ነው።

ታኅሣሥ 26

ወለደች። ሆስፒታል፣ ያቺው ሐኪም ባለችበት። ሴት ናት።

ስትወለድ ወዲያው አላለቀሰችም። ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ አልጽፍም። ከዚያ አለቀሰች። ሐኪሟ ደጋግማ መረመረቻት፣ ሕፃኗ ጣቷን ጨብጣ ስትይዝ አሳየችኝ። «ደህና ናት» አለች። እመብርሃን ማረቻት፤ እኔንም ማረችኝ። እኔ ምሕረት የሚገባኝ ሰው ባልሆንም።

ታኅሣሥ 29፣ ልደት

በዓል ነው፣ አራስ አለች፣ ምንተስኖት መጥቷል። ለመጻፍ ጊዜ የለኝም። ውሃ ሙቅ ነው። አልደከመኝም።

ጥር 2

የጎረቤት ሴቶች መግባትና መውጣት። ሁሉም ቀና ብለው ያቺን ቀዳዳ ያያሉ። «አራስ ባለችበት ቤት ንፋስ?» ይላሉ። ዘነበች በነጠላዋ ልትደፍን ወንበር ላይ ስትወጣ ደረስኩባት፤ ወንበሩን ከሥሯ ሳብኩት። «አብደሻል?» አለች። «አዎ» አልኳት። የአራስ ነብር ሆኜ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሲወጡ «ምነው ሸዋረግ ጨከነች» ሲሉ ሰማሁ። ይበሉ። ከምን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም። ለምን እንደምነግራቸው አይታየኝም።

ጥር 6

ዛሬውኑ ልጻፈው።

ወይዘሮ ወሰንየለሽ መጡ፣ የአራስ ጠያቂ ሆነው፣ ቅቤና ማር ይዘው። ቤቱ በሴት ሞልቷል፤ ገንፎው ቀርቧል። የልጅ ልጃቸውን አቅፈው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት ጽናትን። ሳይቆዩ ዓይናቸው ወደ መታጠቢያ ክፍሉ ሄደ።

«ይሄ ቀዳዳ ምንድን ነው?»

«መተንፈሻ ነው» አልኩ።

«አራስ ቤት?» ሳቅ አሉ፣ ለሴቶቹ ነው የሳቁት። «ልጄ፣ እኛ ጋ ስትመጪ እንዲህ ያለ ነገር የለም። እናትሽ በስልክ እንደነገሩኝ አድርጌ ቦይለር አሰቅያለሁ፤ ከመኝታ ቤት ጋር የተያያዘ፣ ደጅ የማያስረግጥ። ቀዳዳውን ደግሞ እኔው በብርድ ልብስ ጠቅጥቄዋለሁ። መስታወት ሰሞኑን ስትታጠብበት ነው የከረመችው።»

መስታወት የምንተስኖት ታናሽ እህት ናት። ቤት እንድትጠብቅ ትተዋት ነው የመጡት።

ምንተስኖትን ደጅ ጠርቼ በጆሮው ልነግረው እችል ነበር። ይህን አሰብኩ፤ አልክድም። እሱ ይደውላል፣ ይከፍቱታል፣ ማንም ምንም አያውቅም። ጽናት ከአልጋው ላይ አየችኝ። አፏን ልትከፍት ስትል አየሁ፤ እንደገና ለእኔ ብላ ቃል ልትመርጥ ነው። አልፈቅድላትም።

ተነሳሁ።

«ጽናት አንሸራቷት አይደለም የወደቀችው» አልኩ። «ጋዙ ነው የጣላት። ቀዳዳውን በባና የደፈንኩት እኔ ነኝ። አይሆንም ያለኝን ሠራተኛ ያባረርኩት እኔ ነኝ። ራሴን ሲያመኝ ጾም ነው ያልኩት፣ ዘነበች ስትንገዳገድ ምች ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ይህችን ልጅ ገና ሳትወለድ ልገድላት ነበር። የሚስቅም የሚፈርድም በኋላ ይደርስበታል። መጀመሪያ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ይደውሉ።»

ምንተስኖት እኔን አላየኝም፤ ሚስቱን ነው ያየው። ወይዘሮ ወሰንየለሽ ልጅቷን ለጽናት መልሰው ስልካቸውን ከቦርሳቸው አወጡ። ድምፁን ከፍ አድርገው ደወሉ፣ ሁላችንም እንድንሰማ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ። እንደገና ደወሉ። ጠራ፣ ተዘጋ። ዘነበች አማተበች። ወይዘሮ ወሰንየለሽ እኔን አዩኝ፤ በዚያ አስተያየት ውስጥ ደብረ ብርሃንም መሐል ሜዳም አልነበረም። «አያቁሙ» አልኳቸው።

እንደገና ደወሉ። ተነሳ።

«አቤት እማዬ» አለች መስታወት። ድምጿ ከሩቅ ነው የሚመጣው። «ታጥቤ ስወጣ ራሴን አዞረኝና ጋደም ብዬ ነው።»

«ተነሽ» አሉ ወይዘሮ ወሰንየለሽ። «ተነሽና በሩን ከፍተሽ ውጪ።»

«ብርድ ነው እኮ እማዬ። ጸጉሬ እርጥብ ነው። ትንሽ ልተኛና…»

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉ። ከእጃቸው ወሰድኩት።

«መስታወት፣ ሸዋረግ ነኝ፣ የጽናት እናት። እንዳትተኚ። በእርጥብ ጸጉርሽ፣ በባዶ እግርሽ፣ አሁን ውጪ። ብርዱ አይገድልሽም። መቆም ካቃተሽ እየዳኽሽም ቢሆን ነይ።»

ከዚያ ብርድ ልብስ ሲገለጥ ሰማን፤ አንድ ዕቃ ወድቆ ሲንኳኳ ሰማን፤ ቆየት ብሎ መቀርቀሪያው ተሳበ። ከዚያ ንፋሱ ስልኩ ውስጥ ገባ፤ መስታወት «ወጣሁ» ብላ እስክትጣራ ድረስ እሱን ብቻ እየሰማን ቆየን።